ዓይን፣ ጆሮና የጥብቀት ነጥብ፦ «ፍቅር እስከ መቃብር» በወረቀት፣ በድምፅና በስክሪን

መነሻ

በሰሜን ጎንደር ዞን የጃናሞራ ወረዳ ዋና ከተማ በሆነችው በመካነ ብርሃን አማርኛ የሚያስተምር አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ከጥቂት ጊዜ በፊት ያጫወተኝ ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆኗል። መምህሩ ክፍሉን ስለ «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲያወያይ በፊታውራሪ መሸሻ ጠባይ ላይ ክርክር ይነሣል። አብዛኞቹ ተማሪዎች ፊታውራሪው የሚያስቅ ሰው መሆኑን ይስማማሉ፤ አነጋገሩን እያስመሰሉም ይሳሳቃሉ። አንዲት ተማሪ ግን «እኔን አስፈራኝ እንጂ አላሳቀኝም» ትላለች። መምህሩ ነገሩን ሲያጣራ የልዩነቱን ምንጭ ካላሰበው ቦታ ያገኘዋል። የሚስቁት ልጆች ልቦለዱን ከስልካቸው የሰሙት ናቸው፤ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ። ልጅቱ ግን ያነበበችው ከአጎቷ የተዋሰችውን፣ ሽፋኑ የተገነጠለ መጽሐፍ ነው። አንድ ሦስተኛ ተማሪ ደግሞ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ የተነሣ ቅጂ በስልኩ ይዞ ለሁለቱም ወገን ማስረጃ ሲፈልግ ቆይቶ፣ የሚፈልገውን ገጽ ሳያገኘው ደወል ተደወለ።

መምህሩ ይህን ያጫወተኝ እንደ ቀልድ ነበር። እኔ ግን እየቆየሁ ሳስበው ቀልድነቱ ቀረና ጥያቄነቱ በረታብኝ። እነዚህ ልጆች የተከራከሩት ስለ አንድ ድርሰት ነው ወይስ ስለ ሦስት? በከተሞቻችን «መጽሐፍ ይሻላል ወይስ ትረካ? ወረቀት ይሻላል ወይስ ስልክ?» የሚለው ጥያቄ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ መልሱ ስለ ዋጋ፣ ስለ ዓይን ድካም፣ ስለ ታክሲ ውስጥ ጊዜ ወይም ስለ ወረቀት ሽታ ይሆናል። እነዚህ ሁሉ ለአንባቢው ምቾት ተገቢ ጉዳዮች ናቸው። የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ግን ከምቾት አልፎ ሊጠይቀው የሚገባ ሌላ ጥያቄ አለ፤ አማራጮቹ በድርሰቱ ላይ ምን ያደርጋሉ?

የዚህ ጽሑፍ ክርክር በአጭሩ የሚከተለው ነው። በአማርኛ የታተመው መጽሐፍ፣ የድምፅ ትረካውና የኤሌክትሮኒክ ቅጂው አንድ ድርሰት በሦስት ዕቃ ተቀድቶ የቀረበባቸው አይደሉም። የአጻጻፋችን ሥርዓት በባሕርዩ ለአንባቢው የሚተወው ሥራ ስላለ፣ ያንን ሥራ ማን እንደሚሠራው በሦስቱ ይለያያል። ስለዚህ ምርጫው የአተረጓጎም ምርጫ ነው፤ ሀያሲም ሆነ ተማሪ የትኛውን እንደመረጠ መናገር ይኖርበታል።

ፊደሉ የማይነግረን

የአማርኛ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አዋሕዶ ስለሚይዝ ብዙ ነገር ይነግረናል። አንድ ነገር ግን ይደብቀናል፤ ይኸውም ተነባቢው ይጥበቅ ወይም ይላላ እንደሆነ ነው። «ገና» የሚለው ቃል ሲላላ ጊዜው አለመድረሱን ያመለክታል፤ ሲጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ሰፊ» ላልቶ ልብስ የሚሰፋውን ባለሙያ፣ ጠብቆ ደግሞ የጠባብን ተቃራኒ ይገልጻል። «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ማለት ነው። እነዚህ ምሳሌዎች በየሰዋስው መጽሐፉ የሚገኙ በመሆናቸው አዲስ ነገር የላቸውም። አብዛኛውን ጊዜም ዐውዱ ችግሩን ይፈታዋል። «ሰፊ ሜዳ» የሚል ሐረግ ያየ ሰው ሜዳው ልብስ ይሰፋል ብሎ አይጠረጥርም።

ነገር ግን ሥነ ጽሑፍ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ ዐውድ ባልፈታው ቦታ ነው። ከልቦለዱ ያልተወሰደ፣ ለምሳሌ ያህል እኔ ያበጀሁትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንመልከት፤ «ጭሰኛው ይመታል»። ግሡ ሲላላ ጭሰኛው መቺ ነው፤ ሲጠብቅ ተመቺ ነው። በባላባትና በጭሰኛ መካከል ያለን ግንኙነት በሚተርክ ድርሰት ውስጥ ይህ ልዩነት የታሪኩ ሁሉ ልዩነት ሊሆን ይችላል። በወረቀት ላይ ሁለቱም ፍችዎች ተቃቅፈው ይቀመጣሉ። ዓረፍተ ነገሩ ከአፍ በወጣበት ቅጽበት ግን አንዱ ይቀራል። ጮክ ብሎ የሚያነብ ሰው ሳይወስን ሊያነብ አይችልም፤ አማርኛን በድምፅ ማንበብ በእያንዳንዱ ቃል ላይ መፍረድ ነው።

ይህን ችግር ከማንም በላይ የተገነዘቡት የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ደራሲ ሀዲስ ዓለማየሁ ራሳቸው ናቸው። የአጻጻፍ ማሻሻያ ደጋፊ የነበሩት ሀዲስ በ1958 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ልቦለዳቸው ውስጥ በሚጠብቁት ፊደላት ራስ ላይ ነጥብ በማኖር ጥብቀትን አመልክተዋል። ልማዱ አልተስፋፋም፤ ከእሳቸው በኋላ የተከተላቸው ጥቂት ነው። ብዙ ሀያስያን ይህን ነጥብ የሥርዓተ ጽሕፈት ታሪክ አድርገው ያልፉታል፤ ስለ ልቦለዱ ሲጽፉም አያነሡትም። በእኔ አስተያየት ግን ነጥቡ የልቦለዱ የአተራረክ ጥበብ አካል ሆኖ መታየት አለበት። ደራሲው በዝምታ ለሚያነብ ሰው ብቻ ቢጽፉ ኖሮ ይህን ያህል ድካም ባላስፈለጋቸውም ነበር። ነጥቡ የሚለን «ይህ ጽሑፍ ድምፅ አለው፤ ድምፁም የእኔ ነው» ነው። ሀዲስ ወረቀት ላይ ሆነው ጆሮን ያስቡ ነበር።

የወጋየሁ ድምፅ

ነጥቡ ያላዳረሰውን ሥራ ራዲዮ አዳረሰው። የመድረክ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ራዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተሰኘው ዝግጅት ልቦለዱን ሲያነብ፣ ድርሰቱ ፊደል ካልቆጠረው ገበሬና ከቤት እመቤቷ ጆሮ ደረሰ። ቀረጻው በካሴት ሲገለበጥ ኖሮ ዛሬ በስልክ ይዞራል። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አውቃለሁ ከሚሉ ሰዎች ብዙዎቹ የሚያውቁት በዚህ ድምፅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ወጋየሁ ያደረገው ምንድን ነው? በመጀመሪያ እያንዳንዱን ጥብቀትና ላልቶነት ወሰነ። ሁለተኛ፣ የሀዲስን ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች በትንፋሽ ከፋፈለ። በገጹ ላይ ሐረግ በሐረግ ላይ እየተደረበ ሲሄድ የሚደክመው አንባቢ፣ በድምፅ ሲሰማው የዓረፍተ ነገሩን መዋቅር ያለ ችግር ይከተላል፤ ድምፁ ዋናውን ሐሳብ ከፍ፣ ቅጥያውን ዝቅ እያደረገ ይመራዋልና። ሦስተኛ፣ ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ድምፅ ሰጠ። ይህ ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥ ለክርክር የተጋለጠ ነው።

ፊታውራሪ መሸሻ በገጹ ላይ በሁለት ነገር ይታያል፤ በራሱ ንግግርና በተራኪው አገላለጽ። የልቦለዱ ተራኪ ሁሉን ዐወቅ ነው፤ የፊታውራሪውን ጉራ እያየ ፈገግ ቢልም፣ ጉራው በሰው ሕይወት ላይ ሥልጣን እንዳለው አይዘነጋም። አንባቢው በንግግሩ ስቆ፣ ወዲያው በተከተለው ትረካ ሳቁ ይሰበርበታል። ዓይን እነዚህን ሁለቱን ጎን ለጎን ያያቸዋል። ጆሮ ግን በተውኔታዊው ንግግር ይማረካል፤ ከትረካው ይልቅ ምልልሱ ትዝ ይለዋል። ይህ የወጋየሁ ጥፋት አይደለም፤ የድምፅ ባሕርይ ነው። ተዋናይ ሲያነብ ገጸ ባሕርዩ ይነሣል፤ ተራኪው ዝቅ ይላል። የመካነ ብርሃን ተማሪዎች የሳቁበት ፊታውራሪና ልጅቱ የፈራችው ፊታውራሪ ከአንድ ደራሲ ቢወለዱም ያደጉት በተለያየ ቤት ነው።

በተቃራኒው ለጉዱ ካሣ ድምፅ ትልቅ ውለታ ውሎለታል። የጉዱ ካሣ ረጃጅም ንግግሮች በገጽ ላይ ሲነበቡ አንዳንዴ ደራሲው በገጸ ባሕርዩ አፍ የጻፉት መጣጥፍ ይመስላሉ፤ ይህንንም ነቀፋ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። በድምፅ ሲሰሙ ግን መጣጥፍነታቸው ይቀንስና የአንድ ብቸኛ ሰው እልህ ይሆናሉ። ነቀፌታው ለወረቀቱ ትክክል ሆኖ ለትረካው ስሕተት ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ «የጉዱ ካሣ ንግግር ረዝሟል» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ፣ የረዘመው በየትኛው እንደሆነ ካልነገረን ሂሱ ግማሽ ነው።

የአገራችን ሕግም ከአንዳንድ ሀያስያን ቀድሞ ይህን ልዩነት ተገንዝቧል። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብትና የከዋኙን መብት ለይቶ ይደነግጋል። ድርሰቱ የሀዲስ ነው፤ ክዋኔው የወጋየሁ ነው። ሕግ ለሁለት ሰዎች የከፈለውን እኛ በክፍል ውስጥ ለአንድ ሰው እየሰጠን «ሀዲስ እንዲህ አሉ» ስንል ቆይተናል።

ለጆሮ የሚመች፣ ለዓይን የሚመች

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ ድምፅ ሁሉንም ድርሰት እኩል የማያገለግል መሆኑ ነው። የጎንደሩ ተወላጅ ብርሃኑ ዘሪሁን ጋዜጠኛም የነበረ ደራሲ ሲሆን በአጫጭር ዓረፍተ ነገሮቹ ይታወቃል። የብርሃኑ ዓረፍተ ነገር በገጽ ላይ ፈጣን ነው፤ ዓይን ሳይደናቀፍ ይሮጥበታል። በድምፅ ሲነበብ ግን በእያንዳንዱ አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ ስለሚቆም፣ በገጽ ላይ ፍጥነት የነበረው በጆሮ ላይ መቆራረጥ ሊሆን ይችላል። አንባቢው ዐዋቂ ካልሆነ በቀር «የታንጉት ምሥጢር» በድምፅ የበለጠ ሳይሆን ያነሰ ሊፈጥን ይችላል።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» (1962 ዓ.ም.) ደግሞ ሌላ ምሳሌ ነው። ይህ ልቦለድ አንባቢው ወደ ኋላ እየተመለሰ፣ ያለፈውን ገጽ ካሁኑ ጋር እያስተያየ እንዲያነበው የሚጠይቅ ነው። መጽሐፍ በእጅ ሲያዝ ጣት አንዱን ገጽ ይዞ ዓይን ሌላውን ያያል። ትረካ ግን እንደ ወንዝ ነው፤ ወደፊት ብቻ ይፈሳል። ስልኩ ወደ ኋላ መመለሻ ቁልፍ አለው ይባል ይሆናል፤ አለው። ግን ሰው ትረካ የሚሰማው እንጨት እየፈለጠ፣ እህል እየለቀመ ወይም መንገድ እየሄደ በመሆኑ እጁ ለቁልፉ አይደርስም። የማዳመጥ ትልቁ ጸጋ እጅን ነጻ ማውጣቱ ነው፤ ትልቁ ጉድለቱም ይኸው ነው።

ከዚህ በላይ የተመለከተው ስለ ልቦለድ ነው። ወደ ግጥም ስንመጣ ጉዳዩ ይበልጥ ይጠብቃል፤ ኅብረ ቃል አንዳንዱ በዓይን፣ አንዳንዱ በጆሮ የሚኖር በመሆኑ። «ገና ነው» የሚል ስንኝ በጽሑፍ ሁለት ፍች ይዞ ይኖራል፤ ጮክ ተብሎ ሲነበብ አንዱ ይሞታል። በሌላ በኩል «ልብ ሳይኖረው» እና «ልብስ አይኖረው» የሚሉትን እንውሰድ። በጆሮ አንድ ናቸው፤ ሰሚው ልብ ያጣውንና ልብስ ያጣውን ሰው በአንድ ትንፋሽ ያገኛቸዋል። ጸሐፊው ግን በቃላቱ መካከል ክፍተት ለማድረግ ሲገደድ ሰሙን ወይም ወርቁን ይመርጣል፤ ሌላው በእጁ ላይ ይሞትበታል። ስለዚህ «ግጥም የሚሰማ ነው» የሚለውም ሆነ «ግጥም የሚነበብ ነው» የሚለው አጠቃላይ ፍርድ አያስኬድም። መጠየቅ ያለበት ይህ ግጥም፣ ይህ ኅብር የተሠራው ለየትኛው ሕዋስ ነው የሚለው ነው።

ጎንደር ምን ታስተምረናለች?

«መስማት ማንበብ አይደለም» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለእነዚህ ወገኖች ከጎንደር የተሻለ መልስ የሚሰጥ አገር ያለ አይመስለኝም። በቤተ ክህነቱ ትምህርት ተማሪ ፊደል ከቆጠረ በኋላ በንባብ ቤት የሚቆየው ለምንድን ነው? ፊደሉንማ ያውቀዋል። የሚቀረው ፊደሉ የማይነግረው ነው፤ የትኛው እንደሚጠብቅ፣ የትኛው እንደሚላላ፣ የትኛው ቃል ተነሽ፣ የትኛው ወዳቂ፣ የትኛው ሰያፍ ወይም ተጣይ እንደሆነ። ይህን የሚማረው ከብራናው ሳይሆን ከመምህሩ አፍ ነው። መጽሐፍ ብቻውን በቂ ሆኖ አያውቅም ነበር፤ ድምፅ የሌለው መጽሐፍ ግማሽ መጽሐፍ ነበር። ዓይናቸው ሳያይ መጻሕፍትን በቃላቸው ይዘው ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ ሊቃውንትን «አላነበቡም» የሚል ሰው ካለ፣ ንባብ ምን እንደሆነ መልሶ ሊጠይቅ ይገባዋል።

ይሁን እንጂ ይኸው ትውፊት ለጆሮ ብቻ የሚያዳላ አይደለም። የአንድምታ ትርጓሜ ከአፍ ወደ ጆሮ ሲወርድ ሲዋረድ የኖረ ትምህርት ነው፤ የላይ ቤትና የታች ቤት ተብሎም ይከፈላል። ከታች ቤቱ ጋር ስማቸው የሚነሣው የ18ኛው መቶ ዓመት የጎንደር ሊቅ መምህር ኤስድሮስ፣ ትርጓሜውን ለማቃናት ወደ ጣና ደሴቶች ገብተው መጻሕፍትን እንደመረመሩ ይተረካል። ትውፊቱ የሚነግረን ግልጽ ነው፤ በጆሮ የመጣውን በዓይን ማረም፣ በዓይን የታየውን በድምፅ ማጽናት። ሁለቱ ተፎካካሪ ሳይሆኑ ተመሳካሪ ነበሩ።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ትምህርት አለ። የአንድምታ መምህር በቃል ሲያስተምር ፍችውን አንድ ብቻ አድርጎ አይዘጋውም። «አንድም» ይላል፤ ሌላውን ፍች ያመጣል፤ እንደገና «አንድም» ይላል። ቀደም ብለን ድምፅ ሲወጣ አንድ ፍች እንደሚቀር አይተናል። የጎንደር ሊቃውንት ለዚህ ችግር በድምፅ ውስጥ መፍትሔ አበጅተውለት ነበር፤ ስሙም «አንድም» ነው። የራዲዮ ተራኪ «አንድም» ሊል አይችልም፤ ታሪኩ ይቆምበታል። እንግዲያው «አንድም» የማለት ሥራ የማን ነው? የሀያሲው ነው።

የስክሪን ላይ መጽሐፍ

አሁን ወደ ሦስተኛው እንምጣ። በአማርኛ «ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ» ስንል ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። የመጀመሪያው የታተመ መጽሐፍ ገጽ በገጽ ፎቶግራፍ ተነሥቶ በፒዲኤፍ በቴሌግራም የሚዞረው ነው። ይህ የመጽሐፍ ሥዕል ነው። የኅትመቱን ገጽ ቁጥር ይጠብቃል፤ ለጥቅስ ያገለግላል። ነገር ግን ቃል አይፈለግበትም፤ ጥራቱ ሲያንስ ደግሞ በፊደል ራስ ላይ ያለች ነጥብ ከወረቀቱ እድፍ አትለይም። የሀዲስ ነጥብ ትንኝ የጣለችው ጠብታ መስሎ ሊታለፍ ይችላል። በዚያ ላይ አብዛኛው የሚዞረው ያለ ባለመብቱ ፈቃድ ነው። ሀዲስ ያረፉት በ1996 ዓ.ም. በመሆኑ መብቱ ገና በሕግ የተጠበቀ ነው።

ሁለተኛው በእውነተኛ ፊደል የተተየበው ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን፣ የጥብቀት ምልክቱ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2005 ተጨምሯል። ይህ ለሥነ ጽሑፋችን ታሪክ ትንሽ ነገር አይደለም። ሀዲስ በ1958 ዓ.ም. በእርሳስ ፊደል ያስደረጉት ነጥብ ዛሬ በማንኛውም ስልክ ላይ ቦታ አለው። ቦታው አለ፤ ጣታችን ግን አልለመደውም። አዲስ የሚተየቡ መጻሕፍት ነጥቡን ሳይዙ ይወጣሉ። እንዲያውም ጽሑፍን የሚያነብ ሰው ሠራሽ ድምፅ በመጣበት በዚህ ዘመን የነጥቡ አለመኖር ዋጋው ጨምሯል፤ መሣሪያው ጥብቀቱን ከፊደሉ ስለማያገኝ በግምት ሊፈርድ ይገደዳል። ወጋየሁ ሲፈርድ በቋንቋው ውስጥ ኖሮ ነው፤ መሣሪያው ሲፈርድ ቆጥሮ ነው።

ስክሪን ለጎንደር ያለው ትርጉም ግን በዚህ አያበቃም። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ሰብስበው ወደ መቅደላ ካጓጓዟቸው የብራና መጻሕፍት መካከል ብዙዎቹ ከሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ሽንፈት በኋላ በእንግሊዝ ጦር ተወስደዋል፤ ወደ ብሪቲሽ ሙዚየም የገቡትና ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ የሚገኙት 350 ያህል ናቸው። ጎንደር ላይ ተጽፎ ጎንደር ላይ የተሣለ መጽሐፍ ለጎንደር ተማሪ ሊታየው የቻለው እንደ ስክሪን ምስል ነው። ለዚህ ተማሪ «ወረቀት ወይስ ስክሪን?» የሚለው ጥያቄ ምርጫ አይደለም። ምስሉም ቢሆን ዋስትና የለውም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. በላይብረሪው ላይ በደረሰ የኮምፒውተር ጥቃት የብራናዎቹ ምስሎች ለረዥም ጊዜ ከዕይታ ጠፍተዋል። ወደ ቤታችን ስንመለስም፣ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል የስልክ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ከመስመር ላይ ብቻ የሚነበበው ሁሉ ተዘግቷል። በሚሞሪ ካርድ ላይ የነበረው የወጋየሁ ድምፅ ግን ከእጅ ወደ እጅ መዞሩን አላቆመም፤ የአጎትየው መጽሐፍም በመደርደሪያው ላይ ነበር። ብራናው ስምንት መቶ ዓመት ይቆያል፤ ፋይሉ ግን ባትሪው እስካለ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ ከተዘረዘረው ውስጥ ተማሪውን የሚመለከቱ ሦስት ነገሮች ይወጣሉ።

አንደኛ፣ ምርጫው እንደ ድርሰቱ መሆን አለበት። ረዥም ትንፋሽ ያለው፣ ተረክ የሚበዛበት የሀዲስ ልቦለድ በድምፅ የሚያተርፈው ብዙ ነው፤ ወደ ኋላ መመለስን የሚጠይቀው «አደፍርስ» ከእጅ ባይለይ ይሻላል፤ አንድ ቃል በአንድ ደራሲ ሥራ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደመጣ የሚቆጥር ተመራማሪ ደግሞ በፊደል የተተየበ ቅጂ ያስፈልገዋል። «የቱ ይሻላል?» የሚለው ጥያቄ «ለምን?» ካልተከተለው መልስ የለውም።

ሁለተኛ፣ ስለ ድርሰት የሚጽፍ ሁሉ በየትኛው እንዳወቀው ይናገር። የመመረቂያ ጽሑፎቻችን የኅትመት ዘመንና የገጽ ቁጥር በጥንቃቄ ይጽፋሉ፤ ጸሐፊው ገጸ ባሕርዩን በአእምሮው የሣለው ግን ከዓመታት በፊት በሰማው ድምፅ ሊሆን ይችላል። ይህን መናገር ነውር የለውም። ነውሩ የተዋናዩን ለደራሲው፣ የደራሲውን ለተዋናዩ መስጠት ነው። የወጋየሁ ክዋኔ በራሱ ሂስ ሊጻፍበት የሚገባ ሥራ ሆኖ ሳለ፣ እስካሁን በአብዛኛው ሲመሰገን እንጂ ሲመረመር አላየንም።

ሦስተኛ፣ በእጃችን ያለውን ቅጂ እንመርምረው፤ የጥብቀት ነጥቡ አለ ወይስ ወድቋል? ከወደቀ ማን ጣለው? ወደፊት ልቦለዱን በኤሌክትሮኒክ ፊደል የሚያዘጋጅ ባለመብት ቢኖር ነጥቡን መልሶ ማስቀመጥ ይችላል፤ ዘዴው ተገኝቷል። ደራሲው ለጆሯችን ያሰቡትን ያህል እኛም ለነጥባቸው ልናስብ ይገባል።

ወደ መካነ ብርሃን ክፍል ልመለስ። ከመካነ ብርሃን ተነሥቶ መጽሐፍ የሚሻ ሰው ወደ ደባርቅ ወይም ወደ ጎንደር መሄድ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ለአብዛኞቹ ልጆች ከስልክ የመጣው ድምፅ ብቸኛው በር እንጂ ከሦስት አንዱ አልነበረም። በሩን የከፈተላቸውን ድምፅ ማናናቅ ውለታ ቢስነት ነው። መምህሩ በማግሥቱ ያደረገው ግን ትክክለኛውን ነበር። ልጅቱ ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገርበትን አንድ ገጽ ከመጽሐፉ ጮክ ብላ እንድታነብ አደረገ። ልጆቹ በለመዱት ቦታ ለመሳቅ ተዘጋጁ። እሷ ግን ንግግሩን ያለ ማስመሰል፣ ዝግ ብላ አነበበችው፤ የተራኪውንም ቃል ሳትዘል ቀጠለች። ከፊሎቹ ሳቁ፤ ከፊሎቹ ዝም አሉ። ከዚያም ያው ገጽ ከስልክ በወጋየሁ ድምፅ ተሰማ።

መምህሩ ማን ትክክል እንደሆነ አልፈረደም። ጥቁር ሰሌዳው ላይ አንድ ቃል ብቻ ጻፈ አለኝ፤ «አንድም»።